ሁለት ትኬት ቆራጭ፣ አንድ ወንበር፦ ኮንከረንት ፕሮግራሚንግን በኦንላይን ኮርስ ለሚማሩ

ደሴ መናኸሪያ ውስጥ የአንድ አዲስ አበባ አውቶቡስ ትኬት በሁለት መስኮት ይሸጣል እንበል። የወንበሮቹ ዝርዝር የተያዘው ግን አንድ ደብተር ላይ ነው። አንደኛው ቆራጭ ደብተሩን አየት ያደርግና «እማማ፣ ሰባት ቁጥር አለልዎት» ይላል። እማማ ከመቀነታቸው ብር እየፈቱ ሳለ ሁለተኛው ቆራጭ ያንኑ ደብተር ያያል፤ ሰባት ቁጥር አሁንም ባዶ ነው። «ወንድሜ፣ ሰባት ቁጥርን ልቁረጥልህ?» ይላል። ሁለቱም ይጽፋሉ። ሁለቱም ደብተሩን በትክክል አንብበዋል፣ ሁለቱም በትክክል ጽፈዋል። ሊነጋ ሲል ግን አንድ ወንበር አጠገብ ሁለት ሰው ትኬት ይዞ ይቆማል።

ኮንከረንት ፕሮግራሚንግ እንዲህ ያሉትን ቆራጮች ማስተዳደር ነው፦ አንድ ፕሮግራም ውስጥ ብዙ ሥራ ጎን ለጎን ሲሄድ የጋራውን ደብተር ማን፣ መቼ፣ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚይዝ መወሰን። ወሎ ዩኒቨርሲቲ ደሴ ካምፓስ ወይም ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለሚማር ተማሪ፣ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና የፕሮግራሚንግ መሠረት ለያዘም ሰው ቀጣዩ ትልቅ ዳገት ይህ ነው። ብዙዎች የኦንላይን ኮርሱን ቪዲዮ አይተው ይጨርሳሉ፣ ሰርተፍኬቱንም ይወስዳሉ፤ የራሳቸውን ፕሮግራም ሲጽፉ ግን ስህተቱ አጠገባቸው ተቀምጦ አያዩትም። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም። የዚህ ትምህርት ስህተት ፕሮግራሙ በሮጠ ቁጥር አይታይም፤ መቶ ጊዜ ልክ ሆኖ መቶ አንደኛው ላይ ይሳሳታል። ስለዚህ ተማሪው መጀመሪያ መልመድ ያለበት ስህተቱን አስገድዶ ማውጣትን ነው። ከታች ያለው ሁሉ ወደዚያ የሚወስድ ነው።

ጋጋሪዋና ምጣዶቹ

አስቀድሞ የሚምታቱትን ሁለት ቃላት እንለይ። አንዲት ጋጋሪ ሁለት ምጣድ ጥዳ ስትሠራ፣ አንዱ በአክንባሎ ተከድኖ እስኪበስል ሌላው ላይ ሊጥ ታዞራለች። ሠራተኛዋ አንድ ናት፣ በሂደት ላይ ያለው ሥራ ግን ሁለት ነው። ይህ ኮንከረንሲ ነው፤ ባለ አንድ ኮር ፕሮሰሰር ላይም ይሆናል። ሁለተኛ ጋጋሪ ስትጨመር ሁለት ሊጥ በአንድ ቅጽበት ይዞራል፤ ያ ፓራለሊዝም ነው፣ ከአንድ በላይ ኮር ይፈልጋል። ሰፌዱ አንድ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ተራ መያዝ አለባቸው። ሰፌዱ የጋራ ሀብት ነው፣ ተራ ማስያዣው ሎክ።

ከኢንተርኔት መልስ የሚጠብቅ ፕሮግራም አክንባሎ ሥር እንዳለ እንጀራ ነው፤ የመጠበቂያውን ጊዜ በሌላ ሥራ መሙላት ያፈጥነዋል። ሲያሰላ የሚውል ፕሮግራም ግን ሌላ ጋጋሪ ካልመጣ አይፈጥንም። ኮርሶች ይህን ክፍል ቶሎ ያልፉታል፤ ትክክል ናቸው።

መብራት ሲጠፋም የሚሠራ ልምምድ

ረጅም ጊዜ ሊወስድ የሚገባው ይህኛው ነው። ወረቀት፣ ቀይ እስክሪብቶና ሰማያዊ እስክሪብቶ ይበቃል፤ መብራት በጠፋበት ማታ በሻማም ይሠራል።

አንድ ቁጥር ላይ 1 መጨመር በኮድ አንድ መስመር ነው። ውስጡ ግን 3 እርምጃ አለ፦ ቁጥሩን ማንበብ፣ 1 መጨመር፣ መልሶ መጻፍ። ቀይና ሰማያዊ የሚባሉ ሁለት ትሬዶች (አንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሥራዎች) ይህንኑ አንድ አንድ ጊዜ ያድርጉ። ቁጥሩ ከ0 ስለሚነሳ መጨረሻው 2 መሆን አለበት። እያንዳንዱ ትሬድ የራሱን እርምጃዎች በቅደም ተከተል ይሄዳል፤ የሁለቱ እርምጃዎች ግን እንደፈለጉ ሊሰባጠሩ ይችላሉ። ስድስቱ እርምጃዎች የሚሰባጠሩባቸው መንገዶች 20 ናቸው። ሃያውንም በሁለቱ ቀለም ጻፏቸውና የእያንዳንዱን ውጤት አስሉ። 2 የሚሰጡት ሁለት መንገዶች ብቻ ናቸው፦ ቀዩ ሦስቱንም ጨርሶ ሰማያዊው ሲጀምር፣ ወይም በተቃራኒው። የቀሩት 18 መንገዶች 1 ይሰጣሉ።

ትሬዶቹ 3 ሲሆኑ መንገዶቹ 1,680 ይደርሳሉ። ሁለት ትሬድ ሆነው እያንዳንዳቸው 10 እርምጃ ቢኖራቸው 184,756። «ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል» የሚለው ማረጋገጫ እዚህ ትምህርት ውስጥ ክብደት የማይኖረው ለዚህ ነው።

ከ20ው 18ቱ ስህተት ከሆኑ ታዲያ ፕሮግራሙ ለምን አዘውትሮ ልክ ይመጣል? መንገዶቹ እኩል ዕድል ስለሌላቸው ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ አንድ ትሬድ ካስነሳ በኋላ ሚሊሰከንዶች ያቆየዋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ፕሮሰሰሩ ሚሊዮን እርምጃ ይሄዳል። ሥራው አጭር ከሆነ ቀዩ ጨርሶ ወጥቶ ሰማያዊው ገና አልጀመረም። ከሁለቱ ልክ መንገዶች በአንዱ ሄደ ማለት ነው። ሥራው ሲረዝም፣ ተጠቃሚው ሲበዛ፣ ማሽኑ ሲጨናነቅ 18ቱ መንገዶች ብቅ ብቅ ይላሉ።

አንድ ተጨማሪ ጥያቄ፣ ለእኔ ከማንኛውም ፈተና የሚበልጥ። ሁለቱ ትሬዶች እያንዳንዳቸው 1,000,000 ጊዜ 1 ቢጨምሩ ውጤቱ 2,000,000 መሆን አለበት። ሲበላሽ ሊደርስበት የሚችለው ትንሹ ቁጥር ስንት ነው? አብዛኛው ሰው 1,000,000 ይላል። መልሱ 2 ነው። ቀዩ 0ን አንብቦ ይቆማል። ሰማያዊው 999,999 ዙር ይሄዳል። ቀዩ ይነቃና ያነበበው 0 ላይ 1 ጨምሮ 1 ይጽፋል፤ የሰማያዊው ሥራ ሁሉ ተደመሰሰ። ሰማያዊው ለመጨረሻ ዙሩ ያንን 1 አንብቦ ይቆማል። ቀዩ የቀሩትን 999,999 ዙሮች ይጨርሳል። በመጨረሻ ሰማያዊው ተነሥቶ በእጁ የያዘው 1 ላይ 1 ጨምሮ 2 ይጽፋል። ማሽን ላይ ይህ ይገጥማል ተብሎ አይጠበቅም፤ የሚከለክለው ነገር ግን የለም። ይህን ያለ እገዛ በሁለት ቀለም መሳል የቻለ ተማሪ ወደ ኮዱ ይለፍ።

ማሽኑ ላይ ማስገደድ

ያንኑ ነገር በኮድ ጻፉ፦ አንድ የጋራ ቁጥር፣ ሁለት ትሬድ፣ እያንዳንዳቸው 1,000,000 ጊዜ። 10 ጊዜ አስሩጡትና ውጤቶቹን መዝግቡ። ጎ (Go) በተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ፣ ባለ ብዙ ኮር ላፕቶፕ ላይ ከ2,000,000 ያነሱና በየሩጫው የሚለያዩ ቁጥሮች ማየት የተለመደ ነው። ካልታዩ ፕሮግራሙ ልክ ሆኖ አይደለም፤ ከሚከተሉት አንዱ ስህተቱን ደብቆታል።

የዙሩ ብዛት ማነስ አንዱ ነው። በ100 ወይም በ1,000 ዙር አንደኛው ሁለተኛው ሳይጀምር ይጨርሳል። ሌላው በዙሩ ውስጥ የገባ የህትመት ትዕዛዝ ነው፤ ወደ ስክሪን መጻፍ ቀርፋፋ ከመሆኑም በላይ ብዙ ጊዜ የራሱ ሎክ ስላለው ትሬዶቹን ሳይፈልጉ ተራ ያስይዛቸዋል። «ስህተቱን ልፈልግ ህትመት ስጨምር ስህተቱ ጠፋ» የሚለው የተማሪዎች ቅሬታ መነሻው ይህ ነው። በሲ ቋንቋ ደግሞ ኮምፓይለሩ በሁለተኛ ደረጃ ማፍጠኛ (-O2) ሲሠራ ያንን ሚሊዮን ዙር አይቶ «ይህማ 1,000,000 መደመር ነው» ብሎ ወደ አንድ መደመር ይለውጠዋል፤ ስህተቱ የሚገባበት ቀዳዳ በጣም ይጠባል። ለልምምዱ ማፍጠኛውን አጥፉት።

ፓይተን የራሱ ነገር አለው። ከ3.10 ወዲህ ያለው የተለመደው ፓይተን ትሬድ የሚቀያይረው በተወሰኑ ቦታዎች፣ በተለይ በፋንክሽን ጥሪና በዙር መመለሻ ላይ ነው። ስለዚህ ድሮ በተቀዳ ቪዲዮ ላይ አስተማሪው የተሳሳተ ቁጥር ሲያሳይ፣ ያንኑ ኮድ ዛሬ የሚያስሮጥ ተማሪ ልክ የሆነ 2,000,000 ያገኛል፤ ከዚያም «ሎክ አያስፈልግም» ብሎ ይደመድማል። ማንበቡንና መጻፉን ለያይታችሁ በመሐላቸው አንድ የራሳችሁን ፋንክሽን ጥሩ፤ ወይም ዜሮ ሰከንድ የሚል እንቅልፍ (sleep) አስገቡ። ስህተቱ ይመለሳል።

በመሐል እንቅልፍ ማስገባት በየትኛውም ቋንቋ የሚሠራ ማስገደጃ ነው። አንብብ፣ 1 ሚሊሰከንድ ተኛ፣ ጻፍ። እንቅልፉ ስህተት አይፈጥርም፤ አስቀድሞ የነበረውን ቀዳዳ ያሰፋዋል። እንቅልፍ ሲገባበት የሚበላሽ ኮድ ሳይገባበትም የተበላሸ ነው። ይህን አረፍተ ነገር ብዙ ተማሪ ይከራከርበታል፤ ስለዚህ ነው ወረቀቱን ያስቀደምነው።

የተደበቀ ስህተት የሰው ሕይወት አስከፍሏል። ቴራክ-25 የተባለው የካንሰር ጨረር ማሽን እ.ኤ.አ. ከ1985 እስከ 1987 ድረስ በአሜሪካና በካናዳ 6 የታወቁ ከመጠን ያለፈ ጨረር አደጋዎችን አድርሷል፤ የሞቱም አሉ። ከምክንያቶቹ አንዱ ሬስ ኮንዲሽን፣ ማለትም ውጤቱ ማን ቀደመ በሚለው ላይ የሚንጠለጠል ስህተት ነበር፦ ማግኔቶቹ እስኪስተካከሉ 8 ሰከንድ ያህል ሲፈጅ፣ ባለሙያዋ በዚያ ጊዜ ውስጥ የጨረሩን ዓይነት በኪቦርድ ካረመች ማሽኑ እርማቱን ሳይሰማ ይቀጥላል። ጀማሪ ባለሙያ ቀስ ብሎ ስለሚጽፍ ችግሩ አይታይም። የታየው እጃቸው የፈጠነ ባለሙያዎች ዘንድ ነው።

ኮርስ ሲመረጥ

ኮርስን በቪዲዮው ርዝመት አትምረጡ፤ የቤት ሥራውን እዩ። መጠየቅ ያለበት አንድ ነገር ነው፦ ኮርሱ ስህተት የተደበቀበት ፕሮግራም ሰጥቶ እንድናበላሸውና እንድንጠግነው ያደርጋል ወይስ ምርጫ ጥያቄ ብቻ ነው?

ኮርሴራ በተባለው የኦንላይን ኮርስ ድረ ገጽ ላይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኧርቫይን የጎ ኮንከረንሲ ኮርስ አለ፤ አጭርና ለመግቢያ የሚሆን ነው። እዚያው የራይስ ዩኒቨርሲቲ ባለ ሦስት ክፍል የጃቫ ትምህርት አለ፤ ፓራለል፣ ኮንከረንትና የተሠራጨ ፕሮግራሚንግን በየተራ ይወስዳል፣ ከበድ ይላል። ለመክፈል አቅም የሌለው ኮርሴራ ላይ ለፋይናንስ ድጋፍ ማመልከት ይችላል፤ መልሱ ቀናት ስለሚወስድ ኮርሱን ከመጀመር አስቀድሞ ማመልከት ነው። የኤምአይቲ 6.5840 የተሠራጩ ሥርዓቶች ኮርስ ትምህርቶቹና የጎ ላብራቶሪ ሥራዎቹ በነፃ ይገኛሉ፤ ግን የመጀመሪያ ኮርስ አይደለም፣ ሎክንና ኋላ የምናየውን ቻናል የለመደ ሰው ነው የሚገባበት። ዴድሎክ ኢምፓየር የተባለው የድረ ገጽ ጨዋታ ደግሞ ተማሪውን በኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ቦታ ያስቀምጠዋል፤ የትኛው ትሬድ አንድ እርምጃ ይሂድ የሚለውን እየመረጣችሁ ፕሮግራሙን ታበላሻላችሁ። የወረቀቱ ልምምድ ታናሽ ወንድም ነው።

የቪዲዮው ቀን ይታይ። የፓይተኑን አይተናል። ጎ ላይም እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው 1.22 የዙር ተለዋዋጭን ባሕርይ ቀይሯል፦ ቀድሞ በዙር ውስጥ የተነሱ ጎሩቲኖች (የጎ ቀላል ትሬዶች) አንዲት ተለዋዋጭ ይጋሩ ነበር፣ አሁን ለየዙሩ አዲስ ትፈጠራለች። የድሮ ኮርሶች በዚህ ወጥመድ ላይ ሙሉ ትምህርት ያጠፋሉ። አዲሱ ባሕርይ የሚሠራው የፕሮጀክቱ ሞጁል ፋይል 1.22 ወይም ከዚያ በላይ ብሎ ሲመዘገብ ብቻ ስለሆነ፣ ከድሮ ኮርስ የወረደ ፕሮጀክት አሁንም በድሮው ባሕርይ ሊሄድ ይችላል።

ዋይፋይ ባለበት የሚወርድ፣ ቤት የሚሠራ

የአንድ ሰዓት ቪዲዮ በ360 ጥራት ብዙ ጊዜ ከ200 እስከ 400 ሜጋባይት ይበላል። የዚህ ትምህርት ኮድ በትልልቅ ፊደል ስክሪን ላይ ስለሚታይ 360 ይበቃል። ከሁሉ የሚረክሰው የቪዲዮው ጽሑፍ ነው፤ የሙሉ ኮርሱ ጽሑፍ ከአንድ ፎቶ አይበልጥም። አስተማሪው የሚናገረውን በጽሑፍ አንብቦ፣ ሥዕል ያለበትን ቦታ ብቻ በቪዲዮ ማየት ዳታን ይቆጥባል፤ ለመማርም የሚሻል ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ጽሑፉ ላይ ቆም ብሎ ማሰላሰል ይቀላል።

ካምፓስ ወይም ዋይፋይ ያለበት ቦታ ስትደርሱ የሚወርደው የቋንቋው መጫኛ ነው፤ የጎ መጫኛ ከ100 ሜጋባይት በታች ነው። የጎ መዝገበ መመሪያ አብሮ ስለሚመጣ ያለ ኢንተርኔት በተርሚናል ይነበባል። እዚህ ላይ የሚረሳ ነገር አለ፦ ትሬዶች ያለ ተራ አንድ ቦታ ሲነኩ የሚይዘው የጎ ሬስ መርማሪ በዊንዶውስና በሊኑክስ ላይ የሲ ኮምፓይለር ይፈልጋል። ኮምፓይለሩ ሳይኖር መርማሪው ሲጠራ «ሲጎ (cgo፣ ጎን ከሲ ኮድ ጋር የሚያገናኘው) ያስፈልጋል» የሚል መልእክት ይመጣል፤ ተማሪው ዳታው ባለቀበት ማታ ይህ ሲገጥመው ሥራው ይቆማል። አብራችሁ አውርዱት። ባለ 32 ቢት ሲስተም ላይ መርማሪው ጨርሶ አይሠራም፤ ያገለገለ ላፕቶፕ የምትገዙ ከሆነ ሲስተሙ 64 ቢት መሆኑን እዩ።

መርማሪው የሚነሳው በማስኬጃው ትዕዛዝ ላይ ከሰረዝ ጋር «ሬስ» የሚለውን ቃል (-race) በመጨመር ነው። የፕሮግራሙን የማስታወሻ (ሜሞሪ) ፍጆታ ከ5 እስከ 10 እጥፍ፣ ጊዜውን ከ2 እስከ 20 እጥፍ ያበዛል፤ ስለዚህ 4 ጊጋባይት ራም ባለው ማሽን ላይ የሙከራውን መጠን ቀንሱ። መርማሪው ስህተት ሲያገኝ የሁለቱን ትሬዶች መስመር ቁጥር ይነግራል፦ ይህ እዚህ ሲጽፍ ያ እዚያ እያነበበ ነበር ይላል። የሚያየው ግን በዚያ ሩጫ የተነካውን ኮድ ብቻ ነው። ዝም ማለቱ ንጹሕ ነህ ማለት አይደለም።

ሎክ ገብቶም ሁለት ጊዜ የሚሸጥ ወንበር

ሎክን ያወቀ ተማሪ የሚሠራው ቀጣይ ስህተት ከመጀመሪያው የረቀቀ ነው። ወደ ደብተሩ እንመለስ። ተማሪው ደብተሩን ሳጥን ውስጥ ይቆልፈዋል። ቆራጩ ይከፍታል፣ ሰባት ቁጥር ባዶ መሆኑን ያያል፣ ይቆልፋል። ብር ይቀበላል። እንደገና ይከፍታል፣ «ሰባት፦ ተሸጧል» ይጽፋል፣ ይቆልፋል። ማንበቡም መጻፉም በሎክ ውስጥ ነው፤ ወንበሩ ግን አሁንም ለሁለት ሰው ይሸጣል። ማየቱና መጻፉ በአንድ መክፈቻ ውስጥ ካልዋሉ በመሐላቸው ሌላ ቆራጭ ይገባል።

ሬስ መርማሪው ይህን አይናገርም። ሁለት ትሬድ በአንድ ጊዜ ማስታወሻውን አልነኩምና ለእሱ ዳታ ሬስ የለም። ሬስ ኮንዲሽን ግን አለ። እነዚህን ሁለት ስሞች እንደ አንድ የሚያስተምሩ ኮርሶች አሉ፤ ተማሪውን ይጎዱታል። መፍትሔው «ባዶ ከሆነ ሽጥ» የሚለውን አንድ ፋንክሽን አድርጎ ሎኩን መጀመሪያው ላይ ይዞ መጨረሻው ላይ መልቀቅ ነው። ብር መቀበሉ ረጅም ከሆነ ሎኩን ይዞ አይጠበቅም፤ ወንበሩ «ለጊዜው ተይዟል» ተብሎ በሰዓት ይመዘገባል፣ ክፍያው በጊዜው ካልመጣ ይለቀቃል።

ጥቃቅን የሚመስሉ ሦስት ጥፋቶችንም ልጥቀስ። ፋንክሽኑ በመሐል ስህተት አግኝቶ ሲመለስ ሎኩን ሳይለቅ ይወጣል፤ ጎ ላይ ሎኩን በያዛችሁበት ቀጣይ መስመር ላይ «ዲፈር» ብላችሁ መልቀቂያውን ጻፉ። ሎክ ያለበት ስትራክት በቅጂ ሲተላለፍ ሎኩም ይገለበጣል፣ እያንዳንዱም የራሱን ቁልፍ ይዞ ይገባል፤ የጎ «ቬት» ትዕዛዝ ይህን ይይዛል። ጎሩቲኖቹ እስኪጨርሱ በሚያስጠብቀው ዌይትግሩፕ ላይ ደግሞ «አድ» የሚለው ጎሩቲኑ ውስጥ ከገባ ዋናው ፕሮግራም አንዳቸውም ሳይመዘገቡ «ሁሉም ጨርሰዋል» ብሎ ያልፋል፤ «አድ» ከጎሩቲኑ በፊት፣ ውጭ ነው የሚጻፈው።

ሚዛንና ድንጋይ

ሰኞ ገበያ ሁለት እህል ነጋዴዎች አንድ ሚዛንና አንድ የሚዛን ድንጋይ ስብስብ ይጋራሉ እንበል። አንዱ ሚዛኑን ይዞ ድንጋዩን ይጠብቃል፣ ሌላው ድንጋዩን ይዞ ሚዛኑን። ሁለቱም ጨዋ ናቸው፣ ማንም አይቀማም፤ ገበያው ግን ቆመ። ይህ ዴድሎክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ኮፍማንና ባልደረቦቹ አራት ሁኔታዎች ሲገጣጠሙ እንደሚፈጠር ጻፉ፦ ዕቃው በአንድ ጊዜ ለአንድ ሰው ብቻ ሲሆን፣ የያዙትን ሳይለቁ ሌላ ሲጠብቁ፣ በግድ መንጠቅ ሲከለከል፣ መጠባበቁ ክብ ሲሠራ። ከአራቱ አንዱን ማፍረስ ይበቃል። በተግባር የሚቀለው ክቡን ማፍረስ ነው፦ ሁሉም ሰው ሁልጊዜ መጀመሪያ ሚዛኑን፣ ቀጥሎ ድንጋዩን ያንሳ። ከሒሳብ ወደ ሒሳብ ብር በሚያዛውር ፕሮግራም ውስጥ ይህ ማለት የላኪውን ሳይሆን የሒሳብ ቁጥሩ የሚያንሰውን ሒሳብ ሎክ አስቀድሞ መያዝ ነው። ኮርሶች የሚያመጡት የዳይክስትራ የአምስት ፈላስፎች እንቆቅልሽ ይኸው ሚዛን ነው፣ ሰዎቹ አምስት ሆነው።

ፕሮግራሙ ሲቆም ዝም ብሎ መዝጋት ትምህርቱን መጣል ነው። ሊኑክስ ላይ ኮንትሮልና የኋላ ጭረትን (\) አብራችሁ ስትጫኑ የጎ ፕሮግራም እያንዳንዱ ጎሩቲን የትኛው መስመር ላይ እንደቆመ ይዘረዝርና ይወጣል። ጃቫ ላይ ጄስታክ የተባለው መሣሪያ ትሬዶቹን ዘርዝሮ ዴድሎክ ካለ ማን ማንን እንደሚጠብቅ ይናገራል። ጎ ራሱም «ሁሉም ጎሩቲኖች ተኝተዋል» ብሎ ይወድቃል፤ ይህን የሚለው ግን በእርግጥ ሁሉም ሲተኙ ነው። አንድ ሌላ ጎሩቲን በሥራ ላይ ካለ፣ ለምሳሌ የድር ሰርቨር ውስጥ፣ ሁለቱ ነጋዴዎች ለዘላለም ቢቆሙም መልእክት የለም።

ቻናል፣ ረዳቱና ሚኒባሱ

ቻናል ጎ ላይ ዕቃ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍበት ነው። ቋት (ዕቃው ተቀባይ እስኪመጣ የሚቆይበት ቦታ) የሌለው ቻናል ለረዳት ሒሳብ እንደመስጠት ነው፤ የእሱ እጅ እስኪቀበል የእናንተ እጅ እንደተዘረጋ ይቆያል። 12 ቋት ያለው ቻናል ደግሞ የደሴ–ኮምቦልቻ ሚኒባስ ነው፦ 12 ሰው እስኪሞላ ማንም ሳይጠብቅ ይገባል፣ አሥራ ሦስተኛው አንድ ሰው እስኪወርድ በር ላይ ይቆማል።

ብዙ የሚያጠቃው ጥፋት የጎሩቲን መፍሰስ ነው። አንድ ጎሩቲን ሩቅ ሰርቨር ጠይቆ መልሱን ቋት በሌለው ቻናል ይልካል፤ ጠያቂው ግን 2 ሰከንድ ጠብቆ ትቶ ሄዷል። መልሱ በ3ኛው ሰከንድ ሲመጣ ተቀባይ የለም፤ ላኪው እጁን እንደዘረጋ ይቀራል። አንድ ጎሩቲን ሲጀምር የሚይዘው 2 ኪሎባይት ብቻ ስለሆነ ለሰዓታት አይታወቅም። 10,000 ሲሆኑ ለቁልላቸው (ስታክ) ብቻ 20 ሜጋባይት ነው፤ የያዙት ዕቃ ሲጨመር ሰርቨሩ ይወድቃል። ለዚህ ጉዳይ ቻናሉን 1 ቋት መስጠት ይበቃል፤ ላኪው አስቀምጦ ይሄዳል። መፍሰሱን ለማየት የጎሩቲኖችን ብዛት በየ10 ሰከንዱ አሳትሙ፤ ሥራ ሲቀንስ ቁጥሩ ካልወረደ ፍሰት አለ።

ቻናልን የሚዘጋው ላኪው ነው። ተቀባይ ቢዘጋውና ላኪ ቢልክበት ፕሮግራሙ ይወድቃል። ማንም ካልዘጋው ደግሞ በዙር የሚያነበው ተቀባይ አይወጣም።

ፍጥነት ሲለካ

የኮምፒውተር መሐንዲሱ አምዳል እ.ኤ.አ. በ1967 ያሳየው ሒሳብ እንጀራው ላይም ይሠራል። 100 ደቂቃ ከሚፈጅ ሥራ 20ው ደቂቃ የማይከፋፈል ቢሆን፣ 4 ጋጋሪ ቀሪውን 80 ወደ 20 ያወርዱታል፤ ድምሩ 40 ደቂቃ፣ ማለትም 2.5 እጥፍ ፍጥነት። መቶ ጋጋሪ ብትቀጥሩም ከ5 እጥፍ አታልፉም። ባለ 4 ኮር ላፕቶፕ ላይ 4 እጥፍ ያላገኘ ተማሪ መጀመሪያ የማይከፋፈለውን ክፍል ይፈልግ።

ልኬቱ ራሱም ያታልላል። ላፕቶፕ በባትሪ ሲሆን ኃይል ለመቆጠብ ይዘገያል፤ ሲግል ደግሞ ራሱን ለማብረድ ፍጥነቱን ይቀንሳል። የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ በቀትር የተለካ ፕሮግራም፣ ደሴ ላይ በብርድ ማታ ከተለካው ሊዘገይ ይችላል፤ ልዩነቱን ከኮዱ አትቁጠሩት። ቻርጀር ላይ ሰክታችሁ፣ 5 ጊዜ ለክታችሁ፣ መካከለኛውን ቁጥር ያዙ።

ለመጨረሻ ፕሮጀክት

የመናኸሪያውን ትኬት ቤት ጻፉት። 45 ወንበር፣ 8 ቆራጭ ጎሩቲን፣ 1,000 ደንበኛ። እያንዳንዱ ደንበኛ የዘፈቀደ ወንበር ይጠይቃል፤ ከተያዘ ሌላ ይሰጠዋል፣ አውቶቡሱ ከሞላ ይመለሳል። መጨረሻ ላይ ፕሮግራሙ ራሱ ሦስት ነገር ይፈትሽ፦ የተሸጠው ትኬት 45 ነው፣ አንድም ወንበር ሁለት ጊዜ አልተሸጠም፣ የተመለሱት ደንበኞች 955 ናቸው። መጀመሪያ ያለ ሎክ ጻፉትና በማየትና በመጻፍ መሐል 1 ሚሊሰከንድ እንቅልፍ አስገብታችሁ ሲበላሽ እዩ። ቀጥሎ ማየቱንና መጻፉን ለየብቻ ቆልፉ፤ መርማሪው ዝም ሲል ፍተሻችሁ ግን ሲጮኽ ታያላችሁ። በሦስተኛው ላይ ሁለቱን በአንድ ሎክ ውስጥ አድርጋችሁ፣ እንቅልፉን ሳታወጡ፣ በመርማሪው ሥር 200 ጊዜ አስሩጡት። እንቅልፉን የምታወጡት ከዚያ በኋላ ነው።